መጀመሪያ ውረጂበት፣ ከዚያ ግዢው

በረዶው መውረድ ሲጀምር የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም መልካቸው ይቀየራል። በዚህ እትም ሦስት መርጫለሁ፣ ሦስቱም ስለ ስኖውቦርድ፣ ማለትም ሁለት እግርን አንድ ሳንቃ (ቦርድ) ላይ አስሮ በረዶማ ቁልቁለት ስለመውረድ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ያነሳችው ነገር እኔንም ከዓመታት በፊት ብዙ ያስከፈለኝ ስለሆነ ለሷ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የሥራ ጓደኞቼ ጎትተው ወስደውኝ ስኖውቦርድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ሁልጊዜ ግን በኪራይ ቦርድ ነው። አሁን ሰማያዊ ምልክት ያለባቸውን፣ መካከለኛ የሚባሉትን ቁልቁለቶች ብዙም ሳልወድቅ እወርዳለሁ። ዘንድሮ የራሴን መግዛት ፈልጌያለሁ። ወንድሜ የድሮ ቦርዱን፣ 158 ሴንቲ ሜትር የሆነውን፣ በነፃ ልስጥሽ ይላል። ጓደኛዬ እኔ የያዝኩትን ዓይነት ግዢ ትላለች። ሱቅ ስሄድ ደግሞ ሻጩ 600 ዶላር የሚሆን አሳየኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቴ 61 ኪሎ፣ ጫማዬ 39 ነው። ሳይገዙ መሞከር ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሦስት አራት ቦርድ ሞክሬ ሳልገዛ ጥሎ መሄድ ያሳፍረኛል። እንዴት ነው የሚደረገው? ት.፣ ከአውሮራ

መልስ፦ እህቴ፣ ከማፈሩ ልጀምር። መርካቶ አምስት ጫማ አስወርደሽ ለክተሽ ሳትገዢ ስትወጪ የባለሱቁ ፊት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ፊት በልባችን ይዘን ነው እዚህም ሱቅ የምንገባው። የዴሞ ቦርድ ግን ለዚሁ የተቀመጠ ነው። ዴሞ ማለት ሰው ከመግዛቱ በፊት እንዲሞክረው ተብሎ የተዘጋጀ ቦርድ ነው። ትከፍያለሽ፣ ትወርጂበታለሽ፣ ትመልሻለሽ፣ ሌላ ትወስጃለሽ። በአንድ ቀን ክፍያ እንደልብሽ እንድትቀያይሪ የሚፈቅዱ ሱቆች አሉ፣ በኋላ ከነሱ ከገዛሽ የሙከራውን ክፍያ ከዋጋው ላይ የሚቀንሱልሽም አሉ። ሁለቱንም አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። አንዳንዴ አምራቾቹ ራሳቸው ሰውን ወደ ተራራው ላይ የሚያወጣው የወንበር ሊፍት ሥር ድንኳን ተክለው በነፃ ያስሞክራሉ፤ መታወቂያና ክሬዲት ካርድ መያዣ ይወስዱብሻል እንጂ ገንዘብ አይጠይቁም። ስትመልሺ በረዶውን ጥረጊለት፣ ድንጋይ ነክቶብሽ ከሆነ ደብቀሽ ሳይሆን ተናግረሽ አስረክቢ። ከዚህ በላይ ያለብሽ ዕዳ የለም።

እኔ የመጀመሪያ ቦርዴን ሳልሞክር ነው የገዛሁት። ቅናሽ ነበረ፣ ሥዕሉ ያምራል፣ አስተያየት የጻፉት ሰዎች በሙሉ አወድሰውታል። 162 ሴንቲ፣ ግትር፣ ፍጥነት የሚወድ ሰው የሚፈልገው ዓይነት። አንድ ወቅት ሙሉ በሱ ወረድኩ። ተረከዜ ላይ ተደግፌ ስታጠፍ ቦርዱ ያመልጠኛል፣ ዝግ ስል ጠርዙ በረዶውን ድንገት ይነክስና በጀርባዬ ይጥለኛል፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ጭኔ ይቃጠላል። ጥፋቱን ያደረግኩት ራሴ ላይ ነበር። ይሄ ነገር ለኔ አይደለም ብዬ ልተወው ተነስቼ ነበር። ማርች ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ሊፍቱ ሥር ከተተከለ ድንኳን 156 የሆነ ለስለስ ያለ ቦርድ ሰጡኝ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ገባኝ። ያው እግር፣ ያው ቁልቁለት፣ ያው በረዶ ነው፣ የተለወጠው ከእግሬ ሥር ያለው ነገር ብቻ ነው። ከገንዘቡ በላይ እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ሌላ ቦርድ ረግጦ የማያውቅ ሰው ድክመቱ የሱ ይሁን የቦርዱ ሊለይ አይችልም።

አንቺም ሁለት ዓመት የወረድሽው በኪራይ ቦርድ ነው። የኪራይ ቦርድ ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ብዙ ጊዜ የደነዘ ነው። ስለዚህ ገና የማታውቂው ነገር አለ።

ከሁሉ በፊት ግን ቡትስ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ የሚታሰረውን ጫማ ግዢ። አዎ፣ ከቦርዱ በፊት። ሰው ይሄን ስለው ቅር ይለዋል፣ ምክንያቱም ቡትስ ለዓይን አይማርክም፣ ቦርድ ነው የሚያምረው። ነገር ግን እግርሽ የሚፈልገውን ነገር ለቦርዱ የሚነግረው በቡትሱ በኩል ነው። ኪራይ ቡትስ አድርገሽ ሦስት ቦርድ ብትሞክሪ የምትሞክሪው ቡትሱን ነው። የስኖውቦርድ ቡትስ ትክክለኛ መለኪያው የእግርሽ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ቆመሽ ከተረከዝ እስከ ጣት አስለኪ። አንድ ካልሲ ብቻ፣ ቀጭን። ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ጣቶችሽ ጫፉን ነካ ያደርጋሉ፣ ጉልበትሽን ስታጥፊ ደግሞ ወደኋላ ይሸሻሉ። ጣትሽ ላይ ስትቆሚ ተረከዝሽ ከውስጥ ከተነሳ ያ ቡትስ ላንቺ አይሆንም፣ ሻጩ ምንም ቢልሽ። አዲስ ሲሆን ትንሽ ጥብቅ ማለት አለበት፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሰፋል። ቤት ውስጥ ሃያ ደቂቃ አድርገሽው ሳህን እጠቢበት፣ የሚቆረቁርሽ ቦታ ካለ ያኔ ይታወቃል።

አሁን ወደ ቦርዱ። ሦስት ቦርድ ይበቃል። አራትና አምስት ከሆነ ትዝታው ይደበላለቅብሻል። ሦስቱን ስትመርጪ ግን አንድ ዓይነት ነገር በሦስት ቀለም እንዳይሆን ተጠንቀቂ። ቦርዱን መሬት ላይ አስተኝተሽ ከጎኑ ጎንበስ ብለሽ እዪው። መሃሉ እንደ ድልድይ ቅስት ከመሬት ብድግ ካለ ካምበር ይባላል። ስትቆሚበት ይጫንና ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር በረዶውን ይይዛል፤ በጠነከረ በረዶ ላይ የሚታመን እሱ ነው፣ ስህተት ግን ቶሎ አይምርም። እንደ ጣና ታንኳ ሁለቱ ጫፎቹ ቀደም ብለው ወደ ላይ ከቀኑ ደግሞ ሮከር ነው። ለስላሳና አዲስ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሲዞሩበት ቀላል ነው፣ ድርቅ ያለ በረዶ ላይ ግን መያዣ ያጥረዋል። ሁለቱን ያዳቀለም አለ፣ ዛሬ ገበያ ውስጥ ብዙ የምታዪው እሱን ነው። ላንቺ አንድ የተዳቀለ፣ አንድ ካምበር፣ አንድ ደግሞ ሮከሩ የሚያመዝን ብትወስጂ ልዩነቱን እግርሽ ይናገራል። ካምበሩን ‹ይከብደኛል› ብለሽ አትዝለዪው። እየተሻሻልሽ ያለሽ ሰው ነሽ፣ የምትገዢው ለመጪዎቹ አምስት ዓመት ነው።

ርዝመቱን በአገጭና በአፍንጫ መለካት የድሮ ነገር ነው። ዋናው ክብደት ነው፣ እያንዳንዱ አምራች ለየሞዴሉ የክብደት ሠንጠረዥ ያወጣል። በ61 ኪሎና በ39 ጫማ ከ143 እስከ 149 ባለው መሃል ፈልጊ። የፈለግሽው ሞዴል በ2 ወይም በ3 ሴንቲ የሚለይ ብቻ ካላቸው ሞክሪው፣ ጠባዩን ያሳይሻል። 6 ሴንቲ ከተለየ ግን አትፍረጂበት።

ቀኑን የሥራ ቀን ካገኘሽ ተመስገን ነው። ቅዳሜ ከሆነ ወደ ተራራው በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ አይ-70 ላይ ያለውን ሰልፍ ታውቂዋለሽ፣ ሳይነጋ ውጪ። ጎማሽንም እዪ፤ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ሕግ ነው። ሱቁ ደግሞ ተራራው ሥር ያለ ይሁን። ከተማ ውስጥ ያለው አንድ ቦርድ ይሰጥሽና ሌላ መቀየር ስትፈልጊ ሁለት ሰዓት መንዳት ሊኖርብሽ ነው። ኪስቶን፣ ብሬከንሪጅና ዊንተር ፓርክ ከሊፍቱ እግር ሥር ሱቆች አሏቸው።

ሱቁ ውስጥ ቦርዱን ከመቀበልሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ የአውራ ጣትሽን ጥፍር በብረቱ ጠርዝ ላይ በቀስታ ጎትቺ። ጥፍርሽን ትንሽ ፋቅ ካደረገው ስለት አለው። ዝም ብሎ ካንሸራተተው ‹እባክህ ሳልልኝ› በዪ፣ ምክንያቱም የደነዘ ጠርዝ ጥሩውን ቦርድ መጥፎ ያስመስለዋል። ሁለተኛ፣ ቡትሱን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዙት ማሰሪያዎች በሦስቱም ቦርድ ላይ አንድ ዓይነት ይታሰሩ። አንድ ጠዋት ባለሙያው ቦርዴን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ ጠመንጃ መፍቻውን ጥርሱ ላይ ነክሶ፣ በሁለቱ ማሰሪያዎች መሃል ያለውን ርቀት በሜትር ሲለካ አይቼ ደስ ያለኝን አልረሳም። የፊቱ እግር 15 ዲግሪ፣ የኋላው ወደ ሌላው አቅጣጫ 9 ዲግሪ፣ መሃሉ 50 ሴንቲ ከሆነ በቀጣዩም ያው ይሁን። ሜትር ከሌለ በስንዝርሽ ለኪ። የአቋቋምሽ ስፋት በ3 ሴንቲ ከተለያየ ሌላ ሰው ሆነሽ ነው የምትወርጂው።

ከዚያ አንድ ቁልቁለት ምረጪና እሱ ላይ ብቻ ዋዪ። ዓይንሽን ጨፍነሽ የምታውቂው፣ ሰማያዊ፣ ከላይ ጠንከር ያለ በረዶ ያለበት፣ መጨረሻው ላይ ሜዳ የሆነ። በእያንዳንዱ ቦርድ ሦስት ጊዜ ውረጂ። የመጀመሪያዋ ለመተዋወቅ ናት፣ አትፍረጂ። በሁለተኛዋ ረጃጅም መታጠፊያ አድርጊ፣ በጣት በኩልም በተረከዝ በኩልም። ተረከዝ ላይ ስትደገፊ ይይዛል ወይስ እየተንቀጠቀጠ ያመልጣል? በሦስተኛዋ ቶሎ ቶሎ ታጠፊ፣ ትንሽም ፍጥነት ጨምሪ። ለመዞር ገና ስታስቢ የሚዞር ቦርድ አለ፣ ገፍተሽ ለምነሽው የሚዞርም አለ።

ሰው የማይሞክረው ግን ሜዳውን ነው። ከቁልቁለቱ ወርደሽ ወደ ሊፍቱ የሚወስደውን፣ ጠበብ ያለውን፣ ሁሉም ሰው የሚሰለፍበትን መንገድ ማለቴ ነው። እዚያ ቦርዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፣ አብዛኛው ክፉ አወዳደቅም እዚያ ነው የሚመጣው፤ ሳታስቢው ጠርዙ ይነክስና ፊትሽ ወይም ማጅራትሽ መሬት ያገኛል። ቦርዱ እዚያ ላይ ዝም ብሎ ቀጥ ካለልሽ ትልቅ ነገር ነው። እየተቁነጠነጠ ጉልበትሽን እንድታጠብቂ ካደረገሽ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ የቱንም ያህል ቢያስደስትሽ በየቀኑ አሥር ጊዜ የምታልፊበት መንገድ ነውና አስቢበት። እኔ አንድ በጣም የወደድኩትን ቦርድ በዚህ ምክንያት ትቼዋለሁ።

ሊፍቱ ላይ እንደተቀመጥሽ ጻፊ። በስልክ አይደለም፣ ጓንት ስታወልቂ ጣትሽ ይደርቃል፣ ባትሪውም በብርድ ቶሎ ያልቃል። እኔ ደረት ኪሴ ውስጥ ትንሽ ደብተርና እርሳስ አለኝ። እስክሪብቶ ቀለሙ ይረጋል። ሦስት ቃል ይበቃል፤ ‹ተረከዝ ያመልጣል›፣ ‹ሜዳ ላይ ሰላም›፣ ‹ጭን ደከመ›። የቦርዱን ክብደትም ያኔ ልብ በዪ፣ ሊፍቱ ላይ በአንድ እግርሽ ተንጠልጥሎ ጉልበትሽን ሲጎትተው ይታወቅሻል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ቦርድ ሁልጊዜ ይበደላል። ሰውነትሽ አልሞቀም፣ በረዶውም የጠዋት ነው፣ ድርቅ ያለ። የመጨረሻው ደግሞ በደከመ እግር ይሞከራል። ብሬከንሪጅም ሆነ ኪስቶን ሊፍቱ ሥር እንኳ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ላይኛው ጫፍ ደግሞ እንጦጦን አስንቆ ያልፋል፣ ቶሎ ያደክማል። ስለዚህ ምሳ ብዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ጠዋት የጀመርሽበትን ቦርድ መልሰሽ ወስደሽ አንዴ ውረጂበት። ብዙ ጊዜ ፍርዴን የቀየርኩት በዚያች አንዷ መውረድ ነው።

ስለ ወንድምሽ ቦርድ፦ ምርቃት ይገባዋል፣ ግን አትውሰጂው። 158 ላንቺ መርዘሙ ሳያንስ የወንድ ቦርድ ወገቡም (የመሃሉ ወርድ) ሰፊ ነው። በ39 ጫማ ጣትሽና ተረከዝሽ ጠርዙ ጋ አይደርሱም፣ ስለዚህ ለማዞር ከሚገባው በላይ ትታገያለሽ። የሴት ቦርድ ልዩነቱ ቀለሙ ይመስለን ነበር፤ ወገቡ ጠበብ፣ አካሉም ለስለስ ያለ ነው። የጓደኛሽም ምክር የሚሠራው እንዳንቺ ከብዳና እንዳንቺ ወርዳ ከሆነ ነው።

600 ዶላር ደግሞ አሁን አታውጪ። ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ሞክሪ፣ የወደድሽውን ስሙንና ርዝመቱን ጻፊ፣ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል ላይ ግዢ። ያኔ ዋጋው ይወርዳል። ብዙ ሞዴል ከዓመት ዓመት የሚቀየረው ሥዕሉ ብቻ ስለሆነ ያለፈው ዓመት ተረፈ ዕቃም አይናቅም፣ ግን ምን እንደተለወጠ ጠይቂ። ሱቆቹ የዴሞ ቦርዶቻቸውንም ወቅቱ ሲያልቅ ይሸጣሉ። ከሱ ከገዛሽ ሆዱን ገልብጠሽ እዪ። ጭረት ችግር የለውም። እስከ ውስጡ የዘለቀ ጉድጓድ፣ የተሰነጠቀ የብረት ጠርዝ ወይም ከጎን የተላቀቀ ካለበት ግን ተዪው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሚኒያፖሊስ ነው ያለሁት። የ9 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ባክ ሂል እየሄዱ ስኖውቦርድ ልማር ብሎ ሰላም ነስቶኛል። እናቱ ‹ይሄ የኛ ስፖርት አይደለም፣ ይሰበርብኛል› ትላለች። እኔ እሺ ብዬዋለሁ፤ ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚያድግ ቦርዱን ከፍ አድርጌ ልግዛለት? የልጅ አባት

መልስ፦ ጫማና ካፖርት ‹ያድግበታል› ብለው ከፍ አድርገው የገዙልን ልጆች ነን፣ ሐሳብህ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በቦርድ ግን አይሆንም። በረዘመ ቦርድ የሚማር ልጅ ማዞር ያቅተዋል፣ ይወድቃል፣ ሁለተኛ አልሄድም ይልሃል። ቡትስ ከፍ አድርጎ መግዛት ደግሞ የባሰ ነው፣ ተረከዙ ውስጥ እየተንሳፈፈ ምንም አይማርም። አትግዛ። ለአንድ ወቅት ሙሉ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ በመኸር ትወስዳለህ፣ በፀደይ ትመልሳለህ፣ እግሩ መሃል ላይ ካደገ የሚቀይሩልህም አሉ፤ ስትከራይ ጠይቅ። ለስላሳ ይሁን፣ ጫፎቹ ቀና ያሉ ይሁን፣ ክብደቱን ነግረህ ይምረጡልህ።

ለእናቱ ደግሞ፣ ፍርሃቷ እውነት አለው። ጀማሪ ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፣ በዚህ ስፖርት ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም የእጅ አንጓ ነው። ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ ሳያደርግ አይውጣ፣ መከላከያው ጓንት ሥር የሚገባ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስተማሪ ጋር ይሁን እንጂ አጎቱ አያስተምረው። የኛ አይደለም ለሚለው ግን፣ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሎምፒክ በስኪ እንደተወዳደረ ንገራት። ስኖውቦርድ ራሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ሚሺጋን ውስጥ አንድ አባት ለልጆቹ መጫወቻ ብሎ ሁለት ስኪ አጋጥሞ ከሠራው ነገር ነው። ኦሎምፒክ የገባው በ1998 ናጋኖ ላይ ነው። ለሁሉም ገና ልጅ ስፖርት ነው።

ጥያቄ፦ ከሙኒክ ነው የምጽፈው። ጫማዬ 46 ነው። የሞከርኳቸው ቦርዶች በሙሉ ስታጠፍ ጣቴ በረዶውን ይጠርግና ይጥለኛል። ቴክኒኬ ነው ችግሩ? ኃ.

መልስ፦ ወንድሜ ኃ.፣ ቴክኒክህ አይደለም፣ የቦርዱ ስፋት ነው። ስትሞክር ርዝመቱን ብቻ ነው የጠየቅከው መሰለኝ። በ46 ጫማ ‹ዋይድ› የሚባለውን፣ ወገቡ ቢያንስ 26 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ የሆነውን ጠይቅ። ሱቁ ውስጥ ቡትስህን ማሰሪያው ላይ አድርገህ ቦርዱን ገልብጠው፣ ከሆዱ በኩል ተመልከት። ጣትህና ተረከዝህ ከጠርዙ የወጡት እኩል ይሁን፣ በእያንዳንዱ በኩል ከ2 ሴንቲ አይብለጥ። አንዱ ጎን ከበለጠ ባለሙያው ማሰሪያውን በቦርዱ ወርድ ወደ ሌላው ጎን ማንቀሳቀስ ይችላል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ኦስትሪያ ያለው ሂንተርቱክስ ከናንተ በመኪና የሚደረስ ነው፣ የበረዶ ግግሩ ላይ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስለሆነ ጃንዋሪን መጠበቅ የለብህም። ጠዋት በዋይዱ ውረድ፣ ከሰዓት በኋላ በድሮው፣ ሁለቱንም በዚያው ቁልቁለት። ከዚያ ጻፍልኝ።